ኦዲዮ ኢንተርፌስ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ድሬ ላይ ለቤት ቀረጻ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ድሬ ላይ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክንና የሙዚቃ መሣሪያን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ የመቅረጫ ዕቃ) ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ "አቦ ይሄ ነገር አይሠራም" የሚል ሰው ሞልቷል። አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ጤነኛ ነው። ያልገጠመው ከማይኩ ጋር ነው፣ ወይ ከላፕቶፑ፣ ወይ ደግሞ ሊቀረጽ ከታሰበው ነገር ጋር። ይሄ ደግሞ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ካልተያዘ በኋላ በምንም ሴቲንግ አይስተካከልም።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሹ ከሱቅ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። በቅደም ተከተል ሂዱ። ደረጃ ዘላችሁ ሱቅ አትግቡ።

ደረጃ 1፦ በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ እንደምትቀርጹ ቁጠሩ

ወረቀት አውጡ። እኩል፣ በአንድ ጊዜ የሚቀረጹትን ብቻ ጻፉ። ዘፈኑ ውስጥ በጠቅላላ ያሉትን አይደለም። ዛሬ ድምፅ፣ ነገ ክራር የምትቀርጹ ከሆነ አንድ ማስገቢያ ይበቃችኋል።

- በተዘጋጀ ቢት ላይ መዝፈን ወይም ራፕ፦ 1 የማይክ ማስገቢያ
- ድምፅና ፒክአፕ (መሣሪያው ላይ የሚገጠም ድምፅ መቀበያ) ያለው ክራር ወይም ጊታር አንድ ላይ፦ 1 የማይክ፣ 1 የመሣሪያ ማስገቢያ
- ድምፅና ፒክአፕ የሌለው ክራር፣ ማሲንቆ ወይም ዑድ አንድ ላይ፦ 2 የማይክ ማስገቢያ
- ኪቦርድ በስቴሪዮ፦ 2 የላይን ማስገቢያ
- ከበሮ፣ መሪ ድምፅና ተቀባዮች አንድ ላይ፦ ቢያንስ 4 የማይክ ማስገቢያ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የቤሪንገር ዩኤም2 እና ዩኤምሲ22 ካርቶን ላይ "2 በ 2" የሚል አለ። ሁለት ማይክ የሚይዝ ይመስላል። አይይዝም። የማይክ ቦታው አንድ ነው። ሁለተኛው ለጊታር ወይም ለክራር ጃክ የተተወ ነው። ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎም እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ የካርቶኑን ቁጥር ተውትና ዕቃውን ራሱን እዩ። ሦስት ቀዳዳ ያለው ክብ የማይክ ማስገቢያ ስንት ነው? ከኋላውም ተመልከቱ፤ አንዳንዱ እዚያ ነው ያለው። ያ ቁጥር ነው የማይካችሁ ቁጥር።

የዩኤስቢ ሚዲ ኪቦርድ (ድምፅ ሳይሆን የተጫናችሁትን ቁልፍ መረጃ ብቻ የሚልክ) ካላችሁ ከዚህ ቆጠራ አውጡት። እሱ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰካል። አምስት ቀዳዳ ያለው ክብ የሚዲ ሶኬት ብቻ ያለው የድሮ ኪቦርድ ከሆነ ግን ሚዲ ያለው ኢንተርፌስ ፈልጉ። ፕሪሶነስ ኦዲዮቦክስ 96፣ ስታይንበርግ ዩአር22 እና ቤሪንገር ዩኤምሲ204 አላቸው።

ደረጃ 2፦ ላፕቶፑን መርምሩ

1. ሴቲንግ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ክፈቱ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 መሆኑን አረጋግጡ። ዊንዶውስ 7 ላይ ከሆናችሁ አብዛኞቹ አዳዲስ ድራይቨሮች (ዕቃውን ከላፕቶፑ ጋር የሚያግባቡ ፕሮግራሞች) አይጫኑላችሁም።
2. ራሙን እዩ። 8 ጊጋ ይመረጣል። በ4 መቅረጽ ይቻላል፤ ሚክስ ላይ ግን ላፕቶፑ መንቀርፈፍ ይጀምራል።
3. የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን በፍላሽ ሞክሩ። የሚወላለቅ ቀዳዳ ላይ ኢንተርፌስ አይሰካም፤ ቀረጻ መሃል ላይ ይቋረጣል። ሰፊው ነው ወይስ ትንሿ ሞላላዋ ሲ? የዕቃው ገመድ እንዲገባ አሁኑኑ ልብ በሉ።
4. ባዶ ቦታ አስሉ። በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎኸርዝ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት አካባቢ ይይዛል። የ4 ደቂቃ ዘፈን 20 ትራክ ቢኖረው ወደ 690 ሜጋባይት ነው።
5. ልትገዙ ያሰባችኋቸውን የሁለት ሦስት ዕቃዎች ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ ቤት ሆናችሁ አውርዱ። ሱቅ ቆማችሁ በሞባይል ዳታ አውርደን እንጭናለን ማለት ሻጩንም እናንተንም ያሰለቻል።
6. መቅረጫ ሶፍትዌር ጫኑ። ሪፐር ለ60 ቀን በነጻ ይሞከራል፣ ቀላል ነው፣ በደካማ ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል። ከዚህ በታች ያለውን ሙከራ በእሱ ነው የምናየው።

ማክ ወይም ሊኑክስ ላይ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። አብዛኞቹ ትንንሽ ኢንተርፌሶች ያለ ድራይቨር ይነሳሉ።

ደረጃ 3፦ ማይካችሁን እወቁ

ሁለት ዓይነት ነው የሚያጋጥማችሁ።

ኮንደንሰር ማይክ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ኢንተርፌሱ ላይ "48 ቮልት" የሚል ቁልፍ ከሌለ ድምፅ አይሰጥም። ዳይናሚክ ማይክ፣ ለምሳሌ ሹር ኤስኤም58፣ ምንም አይፈልግም።

የትኛው ይሻላል? ስቱዲዮ ውስጥ ኮንደንሰር ነው የሚለው መልስ ለስቱዲዮ ነው። ጣራው ቆርቆሮ፣ በሩ ወደ መንገድ የሆነ የሳቢያን ወይም የመጋላ ቤት ውስጥ ኮንደንሰር ማይክ ባጃጁን፣ የጎረቤቱን ቴሌቪዥንና ማራገቢያውን እኩል ያስገባል። እንዲህ ላለ ክፍል እኔ ዳይናሚክ ነው የምመርጠው። አፍን ጠጋ አድርጎ መዝፈን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ዳይናሚክ ማይኮች ድምፃቸው ደካማ ስለሆነ ብዙ ጌን (ኢንተርፌሱ ድምፁን የሚያጎላበት መጠን) ይጠይቃሉ። በፖድካስት የምታዩት ሹር ኤስኤም7ቢ 60 ዴሲቤል አካባቢ ይፈልጋል። የሦስተኛው ትውልድ ስካርሌት 56 ላይ ያበቃል። አራተኛው ትውልድ 2አይ2 ግን እስከ 69 ይሄዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማይክ ካላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጌኑን ነው።

ቢኤም800 የሚባለው ርካሽ ኮንደንሰር ቤታችሁ ካለ፣ አብሮት የመጣው ገመድ ጫፉ ትንሹ የስልክ ጃክ ነው። ለኢንተርፌስ አይሆንም። በሁለቱም በኩል ባለ ሦስት ፒን ክብ መሰኪያ ያለው ገመድ ለብቻው ግዙ። የዩኤስቢ ማይክ ካላችሁ ደግሞ ኢንተርፌስ ላይ ጭራሽ አይሰካም።

ደረጃ 4፦ እነዚህን አትግዙ

*ቪ8 እና መሰሎቹ።* ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ስትገቡ መብራት የሚያበራ፣ ቁልፉን ሲጫኑት ሳቅና ጭብጨባ የሚያሰማ ሰሌዳ ይቀርብላችኋል። ሻጩ "ሳውንድ ካርድ ነው፣ ስቱዲዮ ሁሉ ይጠቀምበታል" ይላል። ለቲክቶክ ላይቭ ነው የተሠራው፤ ለዚያ አይወቀስም። ለትራክ ቀረጻ ግን አይሆንም። የማይክ ቦታው ትንሹ 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ነው፣ የ48 ቮልት ቁልፍ የለውም፣ አዚዮ የሚባለው ድምፅን ያለ ብዙ መዘግየት የሚያስገባ ድራይቨርም የለውም።

*"ዩኤስቢ አለው" የተባለ ሚክሰር።* ቀዳዳውን እዩ። ፍላሽ የሚገባበት ሰፊ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኤምፒ3 ለማጫወት ነው። ወደ ኮምፒውተር የሚሄደው እንደ ፕሪንተር ያለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ወይም ሲ ነው። ያ ቢኖረውም ርካሾቹ ሁሉንም ማይክ ደባልቀው በሁለት ቻናል ነው የሚልኩት። ከተቀረጸ በኋላ ድምፁን ከክራሩ መለየት አትችሉም።

*ፋየርዋየር በሚባለው የድሮ ገመድ የሚሠሩ ዕቃዎችና የቆዩ ኤምቦክሶች።* ርካሽ ሆነው ይመጣሉ። ለዛሬ ላፕቶፕ ወይ ቀዳዳው ወይ ድራይቨሩ የለም።

ደረጃ 5፦ ምረጡ

ዋጋ አልጽፍም። ምንዛሪው ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ያላችሁን ብር ሁሉ ግን ኢንተርፌሱ ላይ አትጨርሱ። ለጥሩ የማይክ ገመድ፣ ጆሮን ለሚሸፍን ሄድፎንና ለማይክ መቆሚያ አስቀሩ።

ለብዙው ሰው የምመክረው ቤሪንገር ዩኤምሲ202 ኤችዲ ነው። ሁለት የማይክ ማስገቢያ አለው፣ 48 ቮልት ይሰጣል፣ የራሱ አዚዮ ድራይቨር አለው። ስካርሌት 2አይ2 ካገኛችሁ፣ ያገለገለ ሦስተኛ ትውልድም ቢሆን፣ ለአጠቃቀም ይቀላል፤ የጌኑ መዞሪያ ዙሪያው አረንጓዴና ቀይ እየበራ ይነግራችኋል። ሞቱ ኤም2 ሻል ያለ በጀት ላለው ነው። የድምፁን መጠን በትንሽ ስክሪን ያሳያል።

ዩኤም2 እና ዩኤምሲ22 ለአንድ ድምፅ ብቻ ይበቃሉ። የራሳቸው አዚዮ ድራይቨር ስለሌላቸው ዊንዶውስ ላይ አዚዮ ፎር ኦል የሚባለውን ነጻ ድራይቨር መጫን ግድ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ነው "ድምፄ ዘግይቶ ይመጣል" እያለ ዕቃውን መልሶ የሚሸጠው።

አራት ማስገቢያ ከፈለጋችሁ ዩኤምሲ404 ኤችዲ አለ። ግን የራሱ የኤሌክትሪክ አስማሚ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቀጥልም እሱ ይጠፋል። ሌሎቹ ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ነው የሚበሉት፤ መብራት ቢሄድም ቀረጻው አይቋረጥም። እኛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

"192 ኪሎኸርዝ" የሚለው ጽሑፍ አያጓጓችሁ። ፋይሉን ከ48 አንጻር አራት እጥፍ ያሳብጠዋል፤ የቤት ቀረጻን ግን አያሳምርም። 24 ቢትና 48 በቂ ነው።

ደረጃ 6፦ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቅ ውስጥ ሞክሩ

ይህን ደረጃ ማንም እንዳያስዘልላችሁ። "ወንድሜ፣ በራሴ ላፕቶፕ ሳልሞክር አልወስድም" በሉ። እንቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ከሐረር የምትመጡ ደግሞ በተለይ አትዘልሉት፤ የደንገጎን ዳገት ሁለቴ የሚያስወጣ ዕቃ ርካሽ አይባልም።

ሱቁ ለቀትሩ ሙቀት ሳይዘጋ ጠዋት ሂዱ። ይዛችሁ የምትሄዱት፦ ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ፣ የራሳችሁ ማይክና ገመድ፣ ሄድፎን፣ ትንሹን ጃክ ወደ ወፍራሙ የሚቀይር አስማሚ፣ ያወረዳችሁት ድራይቨር።

1. ዕቃውን በእጃችሁ አዟዙሩት። ብሎኖቹ ተላልጠዋል? ማስገቢያዎቹ ይነቃነቃሉ? ከሥሩ ያለው ሲሪያል ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አንድ ነው?
2. መጀመሪያ ድራይቨሩን ጫኑ። ዕቃውን የምትሰኩት "አሁን ሰኩ" ሲላችሁ ወይም ጭነቱ ሲያልቅ ነው። ከጠየቀ ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጉ።
3. ሁሉንም መዞሪያ ዜሮ ላይ አድርጉ። 48 ቮልት ይጥፋ። ሄድፎኑን ገና ጆሯችሁ ላይ አታድርጉ።
4. ዩኤስቢውን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ። ማከፋፈያ ሃብ አትጠቀሙ።
5. ማይኩን ሰኩ። ኮንደንሰር ከሆነ አሁን 48 ቮልትን አብሩና ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። ማስጠንቀቂያ፦ 48 ቮልት በርቶ ሳለ ማይክ አትሰኩ፣ አትንቀሉም። የሚፈጥረው "ዷ" የሚል ድምፅ ጆሮንም ሄድፎንንም ይጎዳል።
6. ሪፐር ላይ ኦፕሽንስ፣ ፕሪፈረንስስ፣ ኦዲዮ፣ ዲቫይስ ግቡ። አዚዮን ምረጡ፣ ከዚያ የዕቃውን ስም። ሳምፕል ሬቱን 48000፣ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ለጊዜው የሚያጠራቅምበትን መጠን) 256 አድርጉ።
7. አዲስ ትራክ ክፈቱ፣ ማስገቢያውን ሞኖ 1 አድርጉ፣ ቀዩን የቀረጻ ቁልፍ ተጫኑ። በትክክል በምትዘፍኑበት ጉልበት እየዘፈናችሁ ጌኑን ቀስ በቀስ ክፈቱ። ከፍተኛው ጩኸት ኔጌቲቭ 12 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ። ቀይ ከበራ ቀንሱ። ሱቅ ውስጥ አፍሮ የሚያንሾካሹክ ሰው ቤት ሄዶ ሲጮህ ሁሉም ይቀደዳል።
8. አንድ ደቂቃ ቅረጹና መልሳችሁ ስሙ።
9. አሁን የገበያውን ጫጫታ አውጡ። 48ን አጥፉ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ማይኩን ንቀሉ፣ ጌኑን ሦስት አራተኛ ክፈቱ፣ 30 ሰከንድ ባዶውን ቅረጹ። ስስ፣ ወጥ የሆነ "ሽሽሽ" ጤነኛ ነው። "ጠቅ ጠቅ" ወይም "እምምም" ካለ ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ድገሙት። በባትሪም ካልጠፋ ዕቃውን ተውት።
10. ጌኑን ዜሮ አድርጋችሁ ማይኩን መልሳችሁ ሰኩ፣ ኮንደንሰር ከሆነ 48ን አብሩ፣ ከዚያ እየተናገራችሁ እያንዳንዱን መዞሪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ክርክር የሚል ድምፅ ካለ መዞሪያው አልቋል ማለት ነው። ባገለገለ ዕቃ ላይ የተለመደ ነው፤ ወይ ዋጋ ያስቀንሳል ወይ ያስቀራል።
11. እየቀረጻችሁ የዩኤስቢ ገመዱን በዕቃው በኩል በቀስታ ነካ ነካ አድርጉ። ከተቋረጠ በሌላ ገመድ ሞክሩ። አሁንም ከተቋረጠ ቀዳዳው ተሰብሯል፤ አትግዙ።
12. ሁለተኛውን ማስገቢያ በዚሁ መልክ ድገሙ። ሁለተኛው የሞተ ዕቃ ገበያ ላይ ይዞራል፤ ሻጩ ሲያሳያችሁ ሁልጊዜ በአንደኛው ነው።

ሲጨርሱ ጌን ዜሮ፣ 48 ጠፍቶ፣ ከዚያ ንቀሉ። ደረሰኝ ተቀበሉ። ካልሠራ በስንት ቀን መመለስ እንደሚቻል ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። የቃል ስምምነት ሳምንት አይቆይም።

ደረጃ 7፦ ቤት ውስጥ ትከሉ

ዕቃውን ላፕቶፑ ላይ አትደርቡት፣ መስኮት ሥር ፀሐይ ላይም አታስቀምጡት። ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን የድሬ ቀን 35 ዲግሪ አካባቢ ስለሚደርስ ይብስበታል። አቧራ እንዳይገባ ስትጨርሱ በጨርቅ ሸፍኑ።

ማራገቢያውን ለቀረጻው ያህል አጥፉ። ስለዚህ ነው ማታ መቅረጽ የሚሻለው፦ ይቀዘቅዛል፣ ባጃጁም ይቀንሳል።

ስትቀርጹ በፈሩን 128 ወይም 256 አድርጉ፣ ሚክስ ስታደርጉ 1024። በ48 ኪሎኸርዝ 256 ማለት በአንድ አቅጣጫ 5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ መዘግየት ነው። 1024 ግን ከ21 ያልፋል፤ እሱን እየሰሙ መዝፈን ያደናቅፋል። ላፕቶፑ 128ን ካልቻለ ኢንተርፌሱ ላይ ዳይሬክት ሞኒተር የሚለውን አብሩ። ድምፃችሁ በኮምፒውተሩ ሳያልፍ በቀጥታ ሄድፎናችሁ ይመጣል።

ሲያስቸግር

*ኮምፒውተሩ ጭራሽ አያየውም።* መጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ። ስልክ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ መብራት ያበራል እንጂ ድምፅ አያሳልፍም። ከዚያ ቀዳዳ ቀይሩ፣ ከዚያ ድራይቨሩን አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑ።

*ዕቃው ይታያል፣ ድምፅ ግን የለም።* ኮንደንሰር ከሆነ 48 ቮልት በርቷል? ትራኩ ላይ ትክክለኛው ማስገቢያ ተመርጧል? ሁለቱም ደህና ከሆኑ የዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቨሲ፣ ማይክሮፎን ግቡና ለፕሮግራሞች ፍቀዱ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የማይደርስበት ነው።

*ድምፅ በግራ ጆሮ ብቻ።* ትራኩ ስቴሪዮ ተደርጓል። ሞኖ 1 አድርጉት።

*ድምፄ ሁለቴ ይሰማኛል።* ዳይሬክት ሞኒተሩም የሶፍትዌሩ ሞኒተርም በርተዋል። አንዱን አጥፉ።

*ቀረጻው ውስጥ ቋ ቋ ይላል።* በፈሩን ወደ 512 ከፍ አድርጉ። ዋይፋይና ብሉቱዝ አጥፉ። የላፕቶፑን የኃይል አጠቃቀም ሃይ ፐርፎርማንስ ላይ አድርጉ።

*መልሼ ሳጫውተው ድምፄ ቀጥኗል ወይም ወፍሯል።* ፕሮጀክቱ በ44.1፣ ዕቃው በ48 ነው ያለው፣ ወይም በተቃራኒው። ሁለቱን አንድ አድርጉ።

*"እምምም" የሚል ድምፅ።* ቻርጀሩን ንቀሉና ስሙ። ከጠፋ ችግሩ ከቻርጀሩ ወይም ከቤቱ መሬት መስመር ነው። ላፕቶፑን፣ ስፒከሩንና ኪቦርዱን ከአንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ካልጠፋ በባትሪ ቅረጹ፤ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁም መሬቱን አስመርምሩ። የመሰኪያውን የመሬት ፒን ቆርጦ ማውጣት የሚመክራችሁ ሰው ይኖራል። አትስሙት። ሰው ይገድላል።

*ክራሩ ቀጭን ቆርቆሮ ይመስላል።* ባትሪ የሌለው ፒክአፕ ከሆነ ኢንስት የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። በተቃራኒው ባትሪ ያለው ሆኖ ከተቀደደ ጌኑን ዝቅ አድርጉ፤ አሁንም ካልሆነ ኢንስትን አጥፉና ላይን ላይ አድርጉት።

*ይህን ሁሉ ሞክሬ አልሆነም።* ዕቃውን፣ ማይኩንና ገመዱን ይዛችሁ ሌላ ላፕቶፕ ያለው ጓደኛ ጋ ሂዱ። እዚያ ከሠራ የእናንተ ዊንዶውስ ወይም ድራይቨር ነው። እዚያም እንቢ ካለ ማይኩንና ገመዱን በሌላ ቀይራችሁ አንዴ ድገሙ። ያኔም ካልሆነ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ ሱቁ መልሱት።